ባለነፊሩ የት አለ?

ሰው መሪውን የሚጠላው በምን ይመስላችኋል? ጋዜጣ አንባቢ ከሆናችሁ «በጦርነትና በመንግሥት ወጪ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ልክ መሆን ብቻውን ምን ያደርጋል? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ከመሪ ፍቅር ሲወጣ እያየሁ የኖርኩ ነኝ። ሲገባ በእልልታ ነው፤ ሲወጣ ግን በጓሮ በር ነው፣ ጫማውን አውልቆ፣ ኮቴው ሳይሰማ። ትናንት ስለ መሪው ክፉ ሲነገር ዓይኑ ይቀላ የነበረ ሰው አንድ ቀን ዝም ይላል። ምነው ዝም አልክ ብትሉት «ጥርሴን አሞኝ ነው» ይላችኋል። ሐኪም ቤት ሲሄድ ግን አታዩትም።

ደግሞ ትልቁን ጥፋት ሰው ይቅር ይላል። ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ባከነ ቢባል ማናችን ሚሊዮን አይተን እናውቃለን? ልብ ውስጥ ገብታ የምትቀረው ትንሿ ናት። እንዴት እንደሆነ በኋላ የመጋረጃውን ነገር ስነግራችሁ ታዩታላችሁ።

አሶሳ የሄድኩት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ነው፤ ከጎጃም የተመደብኩ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ ስላችሁ እንዴት ያለ አዲስ መሰላችሁ! ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ የደረሰበት አዲስ። ቢሮዎቹ ሰው የሚኖርባቸው የኪራይ ቤቶች ስለነበሩ፣ ኃላፊ ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው የአከራይዋን ዶሮዎች «እሽ!» እያለ ነበር የሚገባው። ስብሰባ የሚካሄደው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። የማንጎ ወቅት ሲሆን ታዲያ የበሰለ ማንጎ በተናጋሪው ራስ ላይ ይወድቃል፤ ስብሰባ የሚያሳጥርልን እሱ ብቻ ነበር።

ፕሬዚዳንትም ነበሩን። ስማቸውን አልጠራም፤ ጠርቼስ ማንን ልጠቅም? የአገሩ ልጅ ናቸው። ከሩቅ የመጣ ሹም እየተፈራረቀ ሲያዝዘው የኖረ ሕዝብ «የኛ» የሚለው ሰው ሲያገኝ መውደዱ ምኑ ይገርማል? ሰዉ ወደዳቸው። እኔም መጤ ሆኜ እንኳ ወደድኳቸው፤ ፍቅር ይጋባል።

ከወዳጆቻቸው ሁሉ ግን ባበክርን የሚያህል አልነበረም። ባበክር ከመንጌ በኩል የመጣ የበርታ ተወላጅ ነው፤ እኔ ከተከራየሁበት ግቢ ፊት ለፊት ስኳር፣ ሳሙናና እንደ ሻይ የሚጠጣ ከርከዴ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ክረምት ሲገባ ሱቋን ለሚስቱ ትቶ ወደ ማሽላ እርሻው ይሄዳል። አማርኛው ለመግባባት ይበቃል፤ ወንድና ሴት ላይ ግን እጅ አይሰጥም። ፕሬዚዳንቱን «እሷ» ይላቸዋል፣ ሚስቱን «እሱ»። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሰዋስው ነውና መጀመሪያ አካባቢ ላርመው ሞከርኩ። «ኡስታዝ» አለኝ፤ አስተማሪ ሁሉ ለእሱ ኡስታዝ ነው፤ «አላህ ሁለቱንም ፈጥሯል፤ አንተ ለምን ትጣላለህ?» ከዚያ ወዲህ ተውኩት።

የበኩር ልጁ ኸሚስ ተማሪዬ ነበር። ድርሰት ሲጽፍ ክፍሉን በሳቅ የሚያፈርስ፣ የአባቱን አማርኛ በቁም ነገር አስመስሎ የሚያወራ፣ ሆኖም አባቱ «ና» ሲለው ከጓደኞቹ መሃል ተነሥቶ የሚሮጥ ልጅ ነው። ባበክር አንድ ምኞት ነበረው፤ ኸሚስ ማትሪክ አልፎ ሐኪም እንዲሆንና መንጌ ሄዶ እንዲሠራ። የልጁን ነገር ሲያነሣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዓይን እንዳይገባበት ይፈራል። ማታ ማታ ድርሰቱን እያረምኩ አበረታታው ነበር፤ ደመወዜ ከርከዴ ነው፣ ባበክር ገንዘብ አይቀበለኝም።

እንግዲህ ባበክር በፕሬዚዳንቱ ፍቅር የተያዘው በነፊር ነው። ነፊር እናንተ ደቦ ወይም ወንፈል የምትሉት ነው። ሥራ ያለበት ሰው ይጠራል፣ ጎረቤቱ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ጠሪው ያበላል። ሕጉ ግን ጠበቅ ይላል። ባለነፊሩ በእጁ መጀመሪያ፣ በአፉ መጨረሻ ነው፤ ዶማውን ቀድሞ የሚያነሣው እሱ፣ ገንፎው ሲቀርብ ከሁሉ በኋላ የሚጎርሰውም እሱ። ፕሬዚዳንቱ እንደተሾሙ እንግዳ መቀበያ ስላልነበራቸው የከተማው ሰው በነፊር ወጥቶ የቀርከሃ ዳስ ሠራላቸው። እሳቸውም መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ለሹፌራቸው ሰጡና የመጀመሪያዋን ቀርከሃ ተሸከሙ። ገንፎው ከባሚያ ወጡ ጋር ሲቀርብም ሰው ሁሉ እስኪበላ ቆመው ጠበቁ። እኔም ነበርኩ፤ ቀርከሃ መሸከሙ ላይ እንኳ ብዙ አልረዳሁም፣ ገንፎው ላይ ግን አልታማም። ባበክር እጁን እየላሰ፣ «አየህ ኡስታዝ! ባለነፊር እንዲህ ናት!» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ፕሬዚዳንቱ ክፉ መናገር ያማረው ሰው ስኳሩን ከሌላ ሱቅ መግዛት ነበረበት።

ከዚያ በጀት የሚባል ነገር መጣ። በጀት ሲመጣ መጀመሪያ የመጣው ነጭ መኪና ነው። ወደ መንጌ የሚወስደውን መንገድ ክረምት ክረምት ወንዝ ይቆርጠው ስለነበር ሰዉ ድልድይ ይጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ወንዝ መሻገር የሚችል መኪና ሆነ። ችግሩ ተፈታ ማለት ነው፤ ውስጡ ለተቀመጡት። ቀጥሎ የቀርከሃው ዳስ ፈረሰና በቦታው የሲሚንቶ አዳራሽ ቆመ። ቀርከሃውን ዘበኞቹ ሲማግዱት ከረሙ።

አዳራሹ መስኮት አለው፤ መስኮት ያለው ነገር ደግሞ መጋረጃ ይፈልጋል። ከወሎ በሠፈራ የመጣ ይመር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከባበክር ቀጥሎ ሁለተኛው የፕሬዚዳንቱ አፍቃሪ። መጋረጃውን ይመር ይሰፋዋል ተብሎ ተወራ። እሱም የስፌት መኪናውን ዘይት ቀብቶ፣ ክር ገዝቶ፣ ሌላ ሥራ አልቀበልም ብሎ ጠበቀ። መጋረጃው ተሰፍቶና ተተኩሶ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ።

«በአውሮፕላን!» አለኝ ይመር። «ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ከነልጆቼ እዚህ አገር የመጣሁት በጭነት መኪና ነው። ጨርቅ በአውሮፕላን? ወላሂ፣ ጨርቁ ሆኜ በተፈጠርኩ!»

ይመር ከፍቅር የወጣው ያን ዕለት ነው። በኋላ ስለ መንግሥት ወጪና ስለ ሕዝብ ሀብት ብዙ የተማረ ነገር መናገር ጀምሮ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ ግን በአፉ ውስጥ የማየው መጋረጃውን ነበር። አልፈርድበትም። ለወራት ሥራ ፈትቶ የጠበቀ ሰው ነው።

ባበክር ግን ንቅንቅ አላለም። መኪናውስ ስትሉት «ለእንግዳ ነው፤ እንግዳ በአህያ አይሄድም» ይላል። ዳሱስ? «ምስጥ በላው።» መጋረጃውስ? «ፀሐይ!» ይህን ሲል ወደ ሰማይ ያሳያችኋል፤ አሶሳ ላይ ደግሞ በፀሐይ ማን ይከራከራል? የደጋፊ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሥራው ማስተርጎም ነው። እኔ ቅኔ ለተማሪ ሳፍታታ እንደ ባበክር ደክሜ አላውቅም። ሱቁ ውስጥ አንድ ሰው አጉረመረመ ማለት፣ ባበክር ሚዛኑን አስቀምጦ ያስረዳል ማለት ነው።

በዚህ መሃል ጦርነት መጣ። የትኛው ጦርነት አትበሉኝ፤ በአገራችን ጦርነት ስም የሚወጣለት ካለቀ በኋላ ነው። ከእኛ በጣም ሩቅ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሕዝቡን በኳስ ሜዳው ሰበሰቡና ረጅም ንግግር አደረጉ። የመንግሥት ንግግር በአማርኛ ነውና፣ ወደ በርታ ቋንቋ የሚያስተረጉመው የሥራ ባልደረባዬ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው ሐሮን ነበር። መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ እጃቸውን አንሥተው «ሁላችንም ለዘመቻው እንነሣ!» አሉ።

እስቲ ፍረዱ። ዘመቻ ራሱ ጉደኛ ቃል ነው። ችግኝ ስንተክል ዘመቻ፣ ቆሻሻ ስንጠርግ ዘመቻ፣ ፊደል ስናስቆጥር ዘመቻ፣ ሰው ስንገድልም ዘመቻ። ፕሬዚዳንቱ እጃቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ፣ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሐሮን ያገኘውን ቃል ወረወረ። «ነፊር!» አለ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ፕሬዚዳንቱ ቃሉን ሰሙትም አልሰሙት፣ እንዲህ ያለ እልልታ አልጠበቁም ነበርና ፊታቸው በራ። ሐሮን በኋላ ሲወቀስ፣ «በዓረብኛ እኮ ነፊር ለጦርም ይባላል» ብሎ ተሟግቷል፤ እውነቱን ነው። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባበክር ሱቁን ዘግቶ ቤት ለቤት ዞረ። «ፕሬዚዳንት ነፊር ጠራች፣ ነገ ጠዋት!» እያለ። ምን እንደሚሠራ የጠየቀው የለም፤ አንዳንዱ የመንጌ ድልድይ ነው ብሎ ገመተ። በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በር በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ዶማ የያዘ፣ ገጀራ የያዘ፣ ቀርከሃ የተሸከመ። ሁሉም ባዶ ሆዱን ነው፤ ነፊር የተጠራ ሰው ቤቱ በልቶ ከመጣ ጠሪውን ሰደበው ማለት ነው። ዘበኞቹ ያን ሁሉ ገጀራ ሲያዩ በሩን ቆልፈው ጠመንጃ አቀባብለዋል። ሐሮንን ከቤቱ ጠርተው አምጥተውት አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ላብ በላብ ሆኗል።

አንድ ኃላፊ በበሩ ፍርግርግ በኩል ብቅ አለ። «ወገኖቼ» አለ፣ «ስሕተት ተፈጥሯል። ዘመቻ የተባለው ጦርነት ነው። ዶማችሁን ወደ ቤት መልሱና ለመዝመት ፈቃደኛ የሆነ ወጣት ካለ ይምጣ።»

ሐሮን አስተረጎመ። ከዚያ ባበክር ወደ ፍርግርጉ ተጠጋ፤ ኸሚስ ዶማውን ይዞ አጠገቡ ነበር።

«ጦርነትም ሥራ ነው፤ እሺ» አለ ባበክር። «ባለነፊሩ የት አለች?»

«ፕሬዚዳንቱን ነው? አዲስ አበባ ናቸው፤ ስብሰባ።»

«ልጇስ?»

«የማን ልጅ?»

«የፕሬዚዳንት። ባለነፊር ካልቻለች ልጇ ይመጣል። ሕግ ነው።»

ኃላፊው ሐሮንን አየ፣ ሐሮን መሬት አየ። «ልጃቸው ትምህርት ላይ ነው፤ ውጭ አገር» አለ ኃላፊው።

«የኔም ልጅ ትምህርት ላይ ነው» አለ ባበክር። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ለኃላፊው የነገረውም አልመሰለኝም።

ሰዉ ሁሉ ባበክርን ያያል። የጠራቸው እሱ ነዋ! ስንት ዓመት መኪናውን ለእንግዳ፣ መጋረጃውን ለፀሐይ ሲያስረዳ የኖረ እሱ ነዋ! አሁን «ልጄን አልሰጥም፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሂድ» ሊል ነው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ፤ ባበክር ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበረም። ያኔ ኸሚስ ዶማውን ለአባቱ ሰጠና «እኔ እሄዳለሁ» አለ፤ በጥሩ አማርኛ።

እጁን ይዤ ጎተትኩት። ማትሪኩ እንደቀረበ፣ አባቱ የሚመኘውን እንደሚያውቅ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«ቲቸር» አለኝ፣ «እኔ ብቀር አባቴ ከነገ ጀምሮ ያ ሱቅ ውስጥ ምን ብሎ ይቀመጣል?»

እጁን ለቀቅኩት።

የሽኝቱን ነገር አሳጥሬ ልለፈው። በአዲሱ አዳራሽ ነው የተደረገው። በሬ ታርዷል፣ ለስላሳ በሣጥን ተደርድሯል፣ የፕሬዚዳንቱ ፎቶግራፍ የታተመበት ካናቴራ ለዘማቾቹ ታድሏል። ፕሬዚዳንቱም ከስብሰባቸው ተመልሰው ተገኝተዋል። ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ እሳቸው አነሡ፤ ፕሮቶኮል ነው ተባለ። ባበክር ባዶ ሳህን ይዞ ሲበሉ ቆሞ ያያቸው ነበር። ኸሚስ የሰውዬውን ፊት ደረቱ ላይ ለብሶ በጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ እናቱ አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩ፤ አቧራው ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባበክር ጮኾ አልተቃወመም፣ አልተሳደበም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ «ደግሞ ሌላ መኪና መጣ አሉ፣ ይህስ ለማን ነው?» ሲል፣ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ወደ ባበክር ዞርን። ባበክር ስኳር ይመዝናል። መዝኖ ጨረሰ፣ ጠቀለለ፣ ሰጠ። «እኔ አላውቅም» አለ።

በቃ። የአንድ ፕሬዚዳንት ደጋፊ ሲያልቅ ድምፁ ያችው ናት። እሱ ዝም ሲል ሌላው ተናጋሪ ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ስለ ጦርነቱና ስለ ወጪው የማይተነትን ጠፋ። ይመርማ ሊቀ መንበር ሆነ። ባበክር ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። ዜና አንባቢው ቶሎ ቶሎ ስለሚናገርበት እኔን እየጠራ «ምን አለ?» ይለኛል። «ድል አደረግን አለ» እለዋለሁ። «የልጆቹን ስም ጠራ?» «አልጠራም።» አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ፣ «ኡስታዝ፣ እኔ ልጄን ለነፊር ሰጠሁ» አለኝ፤ «ባለነፊሩ ግን ቤት የለችም።» ከርከዴዬን ጠጥቼ ሄድኩ። ያን ክረምት ሁሉ ድካም ድካም ይለኝ ነበር፤ የታመምኩ መስሎኝ ሐኪም ቤት ሁሉ ሄጃለሁ።

ኸሚስ መጣ። በሕይወት መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች የለም፤ ሱሪው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከተማው ሁሉ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ሱቁ ደጃፍ ተሰበሰበ። ይመር ያችን የታጠፈች ሱሪ ሲያይ አልቻለም። ልብስ ሰፊ ነው፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው እዚያ ነው። «ይኸው!» ብሎ ጀመረ። መኪናው፣ አዳራሹ፣ በአውሮፕላን የመጣው መጋረጃ፣ ውጭ አገር ያለው ልጅ፣ አንድም አልቀረው። ሰዉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላል። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ለኸሚስ የምንሟገትለት መስሎን ነበር።

«ተዉ» አለ ኸሚስ።

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

«ፕሬዚዳንቱ ምን አጠፉ? መኪና ያስፈልጋል። አዳራሽም ያስፈልጋል። መንግሥት መንግሥት መምሰል አለበት። እኔ የሄድኩት ለትክክለኛ ነገር ነው። አይደለም እንዴ? አይደለም እንዴ፣ ባባ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ደርሶበት አሁንም? አልኩ በልቤ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ይመር የቀረበት መጋረጃ ነው፤ እኔ የቀረብኝ ምንም የለም። እንደኛ ያለው ሰው ጠዋት ደግፎ ማታ ቢቃወም ምን ይጎድለዋል? ከፍቅር መውጣትም ለቻለ ነው። እግሩን ከፍሎ የገባ ልጅ በየት በኩል ይውጣ?

ባበክር ልጁን አየው። እኔ ያንን «አላውቅም» ጠበቅኩ፤ ይመርም የጠበቀ ይመስለኛል።

«ነው እንጂ» አለ ባበክር። «ትክክል ነው። ኸሚስ ትክክል ነው።» ወደኛም ዞሮ፣ ለረጅም ጊዜ ያልሰማነውን ያን የድሮ ድምፁን አወጣና፣ ስለ አዳራሹ ጥቅም፣ መንግሥት ስላለበት ችግር፣ በክልሉ አዲስነት ምክንያት ስለሚያስፈልገው ትዕግሥት ያስረዳን ጀመር። እንዲህ አሳምሮ አስረድቶ አያውቅም። አንዲት ቃሉን እንኳ እንዳላመነባት ከኸሚስ በቀር ሁላችንም አወቅን። ሁላችንም «እሺ፣ ልክ ነው» አልን። ይመር ሳይቀር።

ሰዉ ሲበተን የቀትር አዛን ተሰማ። ኸሚስ ለመነሣት ሱቁ በር ላይ ያለውን ምሰሶ ያዘ። እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ ወደ ባበክር ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ባበክር፣ ተመልሰህ ደጋፊ ሆንክ ማለት ነው?» አልኩት።

የልጁን ክንድ አንሥቶ በትከሻው ላይ አደረገ፣ በሌላው እጁ ወገቡን ያዘ።

«አዎ ኡስታዝ» አለኝ፤ «ደጋፊ ነኝ።»

ሁለቱ በሦስት እግር መንገዱን ተሻግረው ወደ መስጊድ ሄዱ።